ደም የማስተላለፍ ሙያ ታሪክና የደም ምንነት የታወቀበት መንገድ

በአንድ ጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለማቋረጥ የሚዘዋወረው 5 ሊትር ያህል ደም ለዓይን አንድ ወጥ ቀይ ፈሳሽ ቢመስልም፣ በመስታወት ቱቦ ተቀድቶ በፍጥነት በሚያሽከረክር መሣሪያ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ሲቆይ በሦስት ንብርብር ተከፍሎ ይታያል። ከላይ የሚቀረው ገለባማ መልክ ያለው ፈሳሽ ፕላዝማ ይባላል፤ ከጠቅላላው ደም 55 በመቶ ያህሉን የሚይዘው ይህ ክፍል ከአሥር እጅ ዘጠኙ ውኃ ሲሆን፣ በቀረው ውስጥ ፕሮቲኖች፣ ጨዎች፣ ስኳር፣ ቅባት፣ ሆርሞኖችና ሰውነት የሚያስወግዳቸው ቆሻሻዎች ይገኛሉ። ከታች የሚዘቅጡት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው፤ እነርሱም ሂሞግሎቢን የተባለውን ብረት ያለበት ፕሮቲን ስለያዙ ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብለው ወደየአካሉ ያደርሳሉ። በሁለቱ መካከል ከ1 በመቶ የማያልፍ ስስ ነጣ ያለ ሽፋን አለ፤ በዚያ ውስጥ ሰውነትን ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳትና ደም በሚፈስበት ቦታ ተሰባስበው ቁስሉን የሚደፍኑት ፕላትሌት የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይገኛሉ።

ይህ ክፍፍል ዛሬ በማንኛውም የሕክምና ላቦራቶሪ በቀላሉ የሚታይ ይሁን እንጂ፣ የሰው ልጅ ወደዚህ ዕውቀት የደረሰው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ በማሰላሰልና በመመልከት ብቻም አይደለም። ደም ከልዩ ልዩ ነገሮች የተዋቀረ መሆኑ በአብዛኛው የተገለጠው ሐኪሞች ደምን ከአንዱ ፍጡር ወደ ሌላው ለማስተላለፍ ተነሥተው በየደረጃው ሲከሽፍባቸው ነው። ደሙ በቱቦ ውስጥ ሲረጋባቸው ለምን እንደሚረጋ ጠየቁ፤ በሽተኛው ሲሞትባቸው በአንዱና በሌላው ደም መካከል ያለውን ልዩነት ፈለጉ፤ ደሙ በጠርሙስ ውስጥ ሲበላሽባቸው የትኛው ክፍሉ ቶሎ እንደሚበላሽ የትኛውም እንደሚቆይ መረመሩ። ስለዚህ የደም ጥንቅር ዕውቀት ታሪክ ደም ከማስተላለፍ ሙያ ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የጥንት ግሪኮች የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የሰው ሰውነት በአራት ፈሳሾች፣ ማለትም በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት የቆመ ሲሆን፣ ጤና የእነዚህ ሚዛን መጠበቅ፣ በሽታም የሚዛናቸው መዛባት ነበር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን በጴርጋሞን ተወልዶ በሮም ያገለገለው ገሌን በዚህ ላይ የራሱን ትምህርት አክሎ፣ ደም በጉበት ውስጥ ከምግብ እንደሚሠራ፣ ወደየአካሉ ሄዶ እንደሚያልቅና በአዲስ ደም እንደሚተካ አስተማረ፤ ከፊሉም በልብ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ በሚገኙ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ከቀኝ ወደ ግራ ያልፋል አለ። በዚህ ትምህርት መሠረት ደም የሚያልቅ እንጂ የሚዞር ነገር አልነበረም፤ በዛ ተብሎ የታሰበውንም ደም ማስወጣት ምክንያታዊ ሕክምና ይመስል ነበር። ደስተኛነት፣ ቁጣ፣ ትካዜና ዝግታ ሁሉ ከፈሳሾቹ መብዛትና ማነስ ይመጣሉ ይባል ስለነበር፣ ደም የባለቤቱን ጠባይ ተሸክሞ እንደሚኖርም ይታመን ነበር። ይህ የመጨረሻው እምነት የገሌን ትምህርት በሌላው ነገር ሁሉ ከተሻረ በኋላም ሳይጠፋ ቆይቶ በዚህ ሙያ ላይ ብዙ ጉዳት አድርሷል።

ደም የማስወጣት ሕክምና በአውሮፓ ለረጅም ዘመን ፀጉር አስተካካዮች ከምላጫቸው ጋር ደርበው የያዙት ሥራ ነበር። በኢትዮጵያ ዋግምት በሚል ስም የሚታወቀው ባህላዊ ሕክምናም ከዚሁ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የሚያግመው ሰው የታማሚውን ቆዳ በምላጭ በስሱ ከበጣ በኋላ ጫፉ የተበሳ ቀንድ ይደፋበታል፤ በቀዳዳው በኩል አየሩን በአፉ ይስብና ቀዳዳውን በሰም ይደፍነዋል፤ በዚህ ጊዜ አየር የጎደለው ቀንድ ደሙን ከተበጣው ቦታ እየሳበ ያወጣዋል። ቀንዱ የሚይዘው ደም ጥቂት በመሆኑ የዋግምት ጉዳት፣ ንጽሕና ካልጎደለው፣ የአውሮፓ ሐኪሞች ደም መልስን በስለት ከፍተው በሊትር እየለኩ ያፈሱት ከነበረው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በታኅሣሥ ወር 1799 ጉሮሮውን ታሞ በተኛበት ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሐኪሞቹ ከ2 ሊትር በላይ ደም እንዳፈሰሱት ይታወቃል፤ በዚያው ቀን ሌሊትም አረፈ። ሕክምናው በቁጥር የተመረመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የፓሪሱ ሐኪም ፒየር ሉዊ 77 የሳንባ ምች ሕሙማንን መዝግቦ፣ በበሽታው የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ውስጥ ደማቸው ከፈሰሰው 44 በመቶው፣ ዘግይቶ ከፈሰሰው ግን 25 በመቶው እንደሞቱ በ1835 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። ቁጥሩ ብዙ ባይሆንም ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ስለጠየቀ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከብዙ ታላላቅ ግኝቶች የማያንስ ቦታ ይገባዋል።

ደምን ለማስተላለፍ ማሰብ የተቻለው ደም እንደሚዞር ከታወቀ በኋላ ነው። በደማስቆ ተወልዶ በካይሮ ያገለገለው ኢብን አል ናፊስ በ1242 በጻፈው ማብራሪያ በልብ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እንደሌለና ደም ከቀኙ የልብ ክፍል ወደ ግራው የሚደርሰው በሳንባ በኩል ዞሮ እንደሆነ ገልጾ ነበር፤ ሆኖም ጽሑፉ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ግብጻዊ ሐኪም እስከተገኘበት እስከ 1924 ድረስ ለዘመናዊው ዓለም የተሰወረ ሆኖ ቆየ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ በ1628 ስለ ልብ እንቅስቃሴ ባሳተመው አነስተኛ የላቲን መጽሐፍ የተጠቀመበት ማስረጃ እጅግ ቀላል ነበር። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚያስወጣው ደም ጥቂት ነው ቢባል እንኳ፣ ያ መጠን በግማሽ ሰዓት ውስጥ በሚቆጠረው የምት ብዛት ሲባዛ በመላ ሰውነት ውስጥ ካለው ደም ይበልጣል፤ ይህን ያህል ደም በግማሽ ሰዓት ከምግብ ሊሠራ ስለማይችል፣ የወጣው ደም ተመልሶ የሚመጣ መሆን አለበት። ደምን ከልብ የሚያወጡትን ደም ቅዳዎችና ወደ ልብ የሚመልሱትን ደም መልሶች የሚያገናኙት ከፀጉር የቀጠኑ ስሮች በሃርቪ ዘመን አልታዩም ነበር፤ እነርሱን በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ በማጉያ መነጽር ያያቸው ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ በ1661 ነው።

ደም የሚዞር ከሆነ በአንድ ቦታ የገባ ነገር መላ አካሉን ያዳርሳል የሚለው ሐሳብ ወዲያው ወደ ሙከራ አመራ። ክሪስቶፈር ሬን በላባ ቀሰምና በእንስሳ ፊኛ እየተጠቀመ ልዩ ልዩ ፈሳሾችን በውሻ ደም መልስ ውስጥ ጨመረ፤ ሪቻርድ ሎወር ደግሞ በኦክስፎርድ የአንዱን ውሻ ደም ቅዳ ከሌላው ውሻ ደም መልስ ጋር በቀሰም አገናኝቶ፣ ደሙ ፈስሶ ሊሞት የደረሰውን ውሻ አዳነ። በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው በፓሪስ ሲሆን፣ የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ሐኪም የነበረው ዣን ባፕቲስት ዴኒ በሰኔ 1667 ሐኪሞች 20 ጊዜ ያህል ደሙን ላፈሰሱት የ15 ዓመት ልጅ ጥቂት የበግ ጠቦት ደም ሰጠው፤ ልጁም ተሻለው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በለንደን፣ ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር አባላት በተገኙበት፣ አርተር ኮጋ ለተባለ ሰው 20 ሽልንግ ተከፍሎት የበግ ደም ተሰጠው፤ እርሱም በሕይወት ተረፈ። በዚህ ሁሉ የተመረጠው የበግና የጥጃ ደም የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የገራም እንስሳ ደም የቁጡውን ሰው ጠባይ ያበርዳል፣ በስካርና በምኞት ያልተበከለም ነው ተብሎ ስለታመነ ነበር።

የዴኒ በሽተኛ አንትዋን ሞርዋ አእምሮው ሲታወክ በፓሪስ ጎዳናዎች ራቁቱን የሚሮጥ ሰው ነበር፤ በታኅሣሥ 1667 የጥጃ ደም ተሰጠው። የመጀመሪያው ጥቂት ስለነበር ያደረሰበት ነገር ብዙም አልታየም። ከሁለት ቀን በኋላ ከበፊቱ የበዛ ደም ሲሰጠው ግን ክንዱ ተቃጠለ፣ የልቡ ምት ፈጠነ፣ ላብ አጠመቀው፣ ወገቡን ክፉኛ አመመው፣ አስታወከው፤ በማግሥቱም የሸናው ሽንት ጥላሸት የተቀላቀለበት ያህል የጠቆረ ነበር። ሞርዋ ከዚያ አገግሞ ለሁለት ወር ያህል ረጋ በማለቱ ዴኒ ጥቁሩን ሽንት ሰውየውን ያሳበደው ጥቁር ሐሞት መውጣቱ አድርጎ ተረጎመው። ሕመሙ ሲመለስበት ሚስቱ ሦስተኛ ጊዜ እንዲሰጠው አጥብቃ ለምና ሙከራው ሳይከናወን ሰውየው ሞተ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 1668 ዴኒን ነፃ አውጥቶ፣ ሚስቲቱ ባሏን በመርዝ እንደገደለች ጠርጥሮ፣ ደም ማስተላለፍ ግን ከእንግዲህ ያለ ፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ ፈቃድ እንዳይደረግ አዘዘ። ፋኩልቲው የሙከራው ዋነኛ ተቃዋሚ ስለነበር ትእዛዙ ከክልከላ የሚቆጠር ነበር፤ ሙያውም ለ150 ዓመት ያህል ተቋረጠ።

ዴኒ በዝርዝር የመዘገበው ጥቁር ሽንት እስከ ዛሬ በማንኛውም የደም ማስተላለፍ ትምህርት ውስጥ የሚነገረውን አደጋ የሚገልጽ የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊው ትርጉሙን ባያውቅም ያየውን ሳይሸሽግ መጻፉ ሊመሰገንበት ይገባል። ነገሩ የተብራራው ጀርመናዊው ሌዮናርድ ላንድዋ በ1875 ባሳተመው ጥናት የአንዱን እንስሳ ቀይ የደም ሕዋሳት ከሌላ ዓይነት እንስሳ የደም ፈሳሽ ጋር ሲቀላቅል ሕዋሳቱ በደቂቃዎች ውስጥ ተጓጉለው እንደሚፈነዱ ሲያሳይ ነው። የሕዋሱ ቆዳ ሲቀደድ በውስጡ የነበረው ሂሞግሎቢን ወደ ፕላዝማው ይፈስሳል፤ ከዚያም በኩላሊት አልፎ ሽንቱን ያጠቁራል፣ መጠኑ ሲበዛም ኩላሊቱን ይጎዳል፤ የሞርዋ የወገብ ሕመምም ከዚህ የመጣ ነበር። ኦክስጅን ተሸካሚው ሂሞግሎቢን በሕዋስ ከረጢት ውስጥ ሲሆን ሕይወት፣ ከከረጢቱ ወጥቶ ብቻውን ሲሆን ደግሞ መርዝ መሆኑ የታወቀው በእንዲህ ያለው ጉዳት ነው።

ሙያው በተቋረጠበት ዘመን የማጉያ መነጽር ሥራ ቀጥሎ ነበር። የዴልፍቱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊቨንሁክ በ1674 የሰውን ቀይ የደም ሕዋሳት አይቶ ገለጸ፤ እንግሊዛዊው ዊልያም ሂውሰን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር በሕዋሳቱ ሳይሆን በፕላዝማው ውስጥ እንዳለ አሳየ፤ ጀርመናዊው ኧርንስት ኖይማን በ1868 የደም ሕዋሳት በአጥንት መቅኒ ውስጥ እንደሚፈጠሩ አስታወቀ፤ ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ ደግሞ በ1882 ፕላትሌቶች ራሳቸውን የቻሉ የደም ክፍል መሆናቸውንና በተጎዳ የደም ስር ግድግዳ ላይ ተጣብቀው መርጋትን እንደሚያስጀምሩ ገለጸ። ፕላትሌት ከደም ሕዋሳት ሁሉ ትንሹ፣ የሚኖረውም ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ቀይ የደም ሕዋስ ግን 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ ይህ የዕድሜ ልዩነት በኋላ ለደም ባንኮች ትልቅ ራስ ምታት ሆኗል።

ደም ማስተላለፍን እንደገና ያነሣው በለንደን የማዋለድ ሐኪም የነበረው ጄምስ ብላንደል ነው። ምክንያቱ ፍልስፍና ሳይሆን ከወሊድ በኋላ በሚፈስስ ደም ዓይኑ እያየ የሚሞቱት እናቶች ነበሩ። ብላንደል በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ የአንዱ ዓይነት እንስሳ ደም ለሌላው ዓይነት እንደማይስማማ ተረድቶ ለሰው ከሰው ደም በቀር እንዳይሰጥ ወሰነ፤ በታኅሣሥ 1818 የመጀመሪያውን የሰው ለሰው ደም ማስተላለፍ ሞከረ፤ በሽተኛው በሆድ ዕቃ ነቀርሳ የተጠቃ ስለነበር አልዳነም። በ1829 ያሳተመው ዘገባ ግን በወሊድ ደሟ የፈሰሰ እናት ከረዳቱ ክንድ 240 ሚሊ ሊትር ያህል ደም በሦስት ሰዓት ውስጥ ተሰጥቷት እንደዳነች ይተርካል። ብላንደል የጠባይ መተላለፍን ጉዳይ አላነሣም፤ ለእርሱ ደም የጎደለውን የሚሞላ ነገር እንጂ የባለቤቱ ነፍስ አልነበረም። ደም ከተሰጣቸው ሕሙማኑ ግን የዳኑት ገሚሱ ያህል ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ለምን እንደሞቱ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ከሞቱ ሌላ የብላንደልና የተከታዮቹ የዘወትር ችግር የደም መርጋት ነበር። ደም ከሰውነት ከወጣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በፕላዝማ ውስጥ የነበረው ፋይብሪኖጅን የተባለ ፕሮቲን ወደ ክር ተለውጦ ሕዋሳቱን አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ በመርፌውና በቱቦው ውስጥም ይደነድናል። አንዳንዶች ደሙን በእንጨት እያማሰሉ ክሮቹን አውጥተው ለመስጠት ሞከሩ፤ ጥቂቶች ደግሞ ከ1854 ጀምሮ በካናዳና በአሜሪካ የላም ወይም የፍየል ወተት በደም ስር እስከ መስጠት ደረሱ፤ የወተቱ ቅባት ወደ ነጭ የደም ሕዋስ ይለወጣል ብለው ስላሰቡ ነበር። ወተቱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በጨው የተዘጋጀ ውኃ ተክቶት ቀረ።

በእነዚህ ሁሉ መካከል ለሙያው መሠረት የጣለው ሥራ የተሠራው ከሕሙማን አልጋ ርቆ ነው። በቪየና የበሽታ ምርመራ ተቋም ይሠራ የነበረው ካርል ላንድስታይነር የአንዱ ሰው የደም ፈሳሽ የሌላውን ሰው ቀይ ሕዋሳት አንዳንድ ጊዜ ሲያጓጉል ይታይ የነበረው የበሽታ ምልክት ነው ወይስ የጤናማ ሰው ተፈጥሮ የሚለውን ጥያቄ ይዞ ከራሱና ከሥራ ባልደረቦቹ ደም ቀዳ። ደሙ ከረጋ በኋላ ከላዩ የሚገኘውን ሴረም የተባለውን ጥርት ያለ ፈሳሽ ለይቶ፣ ቀይ ሕዋሳቱንም በጨው ውኃ አጥቦ፣ የእያንዳንዱን ሰው ሴረም ከእያንዳንዱ ሰው ሕዋሳት ጋር ጠብታ በጠብታ ቀላቀለና ውጤቱን በሠንጠረዥ አሰፈረ። ማንም በራሱ ሴረም የራሱ ሕዋሳት አልተጓጎሉበትም፤ በሌሎች መካከል ግን መጓጎሉ በዘፈቀደ ሳይሆን ሥርዓት ባለው መንገድ ታየ፤ አንዳንዶቹ ሴረሞች የአንዱን ወገን ብቻ፣ አንዳንዶቹ የሌላውን ወገን ብቻ፣ አንዳንዶቹም ሁለቱንም ሲያጓጉሉ፣ የእነዚህ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ሕዋሳት በማንም ሴረም አልተጓጎሉም። በ1901 ባሳተመው ጽሑፍ ሰዎችን ኤ፣ ቢ እና ሲ በማለት በሦስት ወገን መደባቸው፤ የመጨረሻው በኋላ ኦ ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሌሎች ተመራማሪዎች ኤቢ የተባለውን አራተኛውን ጨመሩ።

የዚህ ሥርዓት ምክንያት በሁለቱ የደም ክፍሎች መካከል ያለ ተቃርኖ ነው። በቀይ ሕዋሳቱ ገጽ ላይ አንቲጅን የሚባሉ ምልክቶች አሉ፤ በፕላዝማው ውስጥ ደግሞ ሰውየው የሌለውን ምልክት የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላት ይገኛሉ። የኤ ዓይነት ደም ያለው ሰው ፕላዝማ የቢን፣ የቢ ዓይነት ያለው የኤን ሕዋሳት ያጓጉላል፤ የኦ ዓይነት ያለው ሰው በሕዋሳቱ ላይ ሁለቱም ምልክቶች ስለሌሉ ቀይ ሕዋሳቱ ለሁሉም ሲስማሙ፣ እርሱ ግን ከራሱ ወገን በቀር ከማንም መቀበል አይችልም። እንግዲህ ከብላንደል ሕሙማን ገሚሱን ያዳነው ዕድል ሳይሆን አይቀርም፤ ለጋሽና ተቀባይ ሳይታወቅ በወገን ገጥመው ነበርና። ላንድስታይነር በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ግኝቱ ለደም ማስተላለፍ እንደሚጠቅም ቢጠቁምም፣ የሙያው ሰዎች ነገሩን ለማስተዋል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሮይበን ኦተንበርግ በኒው ዮርክ የለጋሽንና የተቀባይን ደም አስቀድሞ እያስተያየ መስጠት የጀመረው በ1907 ሲሆን፣ ላንድስታይነር የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1930 ነው። ከዚያም በ1940 ከአሌክሳንደር ዊነር ጋር አርኤች የተባለውን ሌላ ምልክት ይፋ አደረገ፤ ዛሬ በየሰዉ የደም ካርድ ላይ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው።

መርጋቱን ያሸነፉት በ1914 በብራስልስ አልበርት ሁስቲን፣ በቦነስ አይረስ ሉዊስ አጎቴ፣ በቀጣዩ ዓመትም በኒው ዮርክ ሪቻርድ ሉዊሰን ናቸው። ደም ለመርጋት ካልሲየም እንደሚያስፈልገው ቀደም ብሎ ታውቆ ስለነበር፣ ካልሲየምን የሚይዘው ሶዲየም ሲትሬት የተባለው ጨው በትንሹ ሲጨመርበት ደሙ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ ሉዊሰን ለበሽተኛው ሳይጎዳ የሚበቃው መጠን 0.2 በመቶ ያህል መሆኑን ወሰነ። ከዚያ በፊት ለጋሽና ተቀባይ ጎን ለጎን መተኛት፣ አንዳንዴም የደም ስራቸው በቀዶ ጥገና መሰፋት ነበረበት፤ ከዚያ በኋላ ግን ደም ተቀድቶ በጠርሙስ ወደ ሌላ ክፍል ሊሄድ ቻለ። በሲትሬቱ ላይ ስኳር ሲጨመርበት ሕዋሳቱ ለቀናት እንደሚቆዩ በ1916 በመታወቁ፣ ኦስዋልድ ሮበርትሰን የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በ1917 በፈረንሳይ ግንባር የኦ ዓይነት ደም ከውጊያው በፊት እየቀዳ በበረዶ ሣጥን አከማቸ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፍሬዴሪክ ዱራን ሆርዳ በባርሴሎና ያደራጀው አገልግሎት ደምን በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ጦር ግንባር ይልክ ነበር፤ በርናርድ ፋንተስ ደግሞ በ1937 በቺካጎ ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ውስጥ የከፈተውን የማከማቻ ክፍል የደም ባንክ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ጸና።

ማከማቸቱ ደግሞ መለየትን አስከተለ። ሙሉ ደም በማቀዝቀዣ ውስጥ ከጥቂት ሳምንታት በላይ ሲቆይ ቀይ ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ፤ ፕላዝማው ግን ከሕዋሳቱ ከተለየ ከማንም ወገን የተገኘውን አንድ ላይ ቀላቅሎ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ ይቻላል። ጥቁር አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቻርልስ ድሩ በ1940 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለተከማቸ ደም የመመረቂያ ጥናቱን ካቀረበ በኋላ በጀርመን የቦምብ ድብደባ ውስጥ ለነበረችው ብሪታንያ ፕላዝማ የሚላክበትን ሥራ በሕክምና ኃላፊነት መራ፤ በዚህም ከ14,000 በላይ ሰዎች ደም ለግሰዋል። በሃርቫርድ ኤድዊን ኮን ፕላዝማውን በቀዘቀዘ አልኮል ደረጃ በደረጃ እያዘቀጠ አልቡሚንን፣ ግሎቡሊንንና ፋይብሪኖጅንን ለየብቻ አወጣ፤ በደም ስር ውስጥ ውኃውን ይዞ የሚያቆየው አልቡሚን በታኅሣሥ 1941 በፐርል ሃርበር ለተቃጠሉት ወታደሮች ተሰጠ። በ1960ዎቹ ደግሞ ጁዲት ፑል በስታንፎርድ የበረደ ፕላዝማ ቀስ ብሎ እንዲቀልጥ ሲተው ከከረጢቱ ሥር የሚቀረው ነጣ ያለ ዝቃጭ፣ ሂሞፊሊያ ያለባቸው ሰዎች የሚጎድላቸውን ደም አርጊ ፕሮቲን አጭቆ እንደያዘ አስተዋለች፤ ከዚያ ጀምሮ ማንኛውም የደም ባንክ ከተራ ማቀዝቀዣ በቀር ልዩ መሣሪያ ሳያስፈልገው መድኃኒቱን ሊያዘጋጅ ቻለ።

ዕውቀቱ እዚህ ደርሶ ሳለ ደም የባለቤቱን ማንነት ይሸከማል የሚለው አሮጌ እምነት በአዲስ ልብስ ተመለሰ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደም ሲሰበስብ መጀመሪያ ጥቁሮችን አልቀበልም አለ፤ ከጥር 1942 ጀምሮ ቢቀበልም የእነርሱን ደም ከነጮች ደም ለይቶ ያስቀምጥ ነበር፤ ይህም እስከ 1950 ቀጠለ። ድሩ ራሱ መለያየቱ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው ተናግሯል፤ የላንድስታይነር ወገኖች በየሕዝቡ ሁሉ ውስጥ የሚገኙ ናቸውና፣ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ የኦ ዓይነት ደም ያላቸው ሰዎች ከየራሳቸው ወንድሞች ይልቅ በደም ሊገጥሙ ይችላሉ። በሉዊዚያና ግዛት ደምን በዘር እንዲለይ የሚያዝዘው ሕግ የተሻረው በ1972 ነው። በእስራኤል ደግሞ ማዓሪቭ የተባለው ጋዜጣ በጥር 1996 እንዳጋለጠው፣ የሀገሪቱ የደም አገልግሎት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱትን ደም በኤችአይቪ ሥጋት ምክንያት ለዓመታት ሳይነግራቸው ይደፋ ነበር። የኤችአይቪ ምርመራ ከ1985 ጀምሮ በደም ባንኮች ውስጥ በሥራ ላይ የዋለና የእያንዳንዱን ከረጢት ደም ለብቻው የሚመረምር በመሆኑ፣ የአንድን ሕዝብ ደም በጅምላ መድፋቱ፣ ያውም ለጋሹን ፈገግ ብለው ከሸኙ በኋላ፣ ታላቅ በደል ነበር። በጥር 28 ቀን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት የተሰበሰቡት ሰልፈኞች 10,000 ያህል እንደነበሩ ተዘግቧል፤ ጉዳዩንም በቀድሞው ፕሬዚዳንት በይስሐቅ ናቮን የተመራ ኮሚሽን መርምሮታል።

በኢትዮጵያ የደም ባንክ አገልግሎት የተጀመረው በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፣ በ2012 ወደ መንግሥት የጤና መዋቅር ተዛወረ። ለረጅም ዓመታት አብዛኛው ደም የሚገኘው ከምትክ ለጋሾች ነበር፤ ይኸውም የታማሚው ቤተሰብ ለወሰደው ደም ምትክ የሚሆን ደም ራሱ እንዲሰጥ ወይም ሰጪ ፈልጎ እንዲያመጣ የሚጠየቅበት አሠራር ነው። አሠራሩ ወንድም ለእህቱ ክንዱን የሚዘረጋበት በጎ ጎን ቢኖረውም፣ ዘመድ የሌለውን ታማሚ የሚጎዳና ቤተሰቡን ደም በስውር ለሚሸጡ ሰዎች የሚያጋልጥ ነው። ከዚህም በላይ ሰጪው ዘመዱን ለማዳን ሲል የራሱን የጤና ሁኔታ እንዲሸሽግ ይገፋፋዋል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1975 ሀገሮች ደምን በፈቃደኝነትና ያለ ክፍያ በሚለገስ ሥርዓት ላይ እንዲመሠርቱ የወሰነው በዚህና ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም አገልግሎቱ ወደ መንግሥት ከተዛወረ ወዲህ ሥራው በፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲቆም ተደርጓል።

ዛሬ ከአንድ ለጋሽ የሚቀዳው 450 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ሲትሬትና ስኳር ባለባቸው፣ በቱቦ በተያያዙ የፕላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ ገብቶ በሚሽከረከር መሣሪያ ይለያል። ቀይ ሕዋሳቱ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 42 ቀን ተቀምጠው ደማቸው ለፈሰሰ እናቶች፣ ለአደጋ ተጎጂዎችና ብርቱ የደም ማነስ ላለባቸው ይሰጣሉ፤ ፕላዝማው በርዶ ዓመት ያህል ይቆያል። ፕላትሌቶቹ ግን ቅዝቃዜ ስለሚያበላሻቸው በክፍል ሙቀት ያለማቋረጥ እየተወዘወዙ የሚቀመጡ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከ5 ቀን በላይ ስለማይቆዩ፣ በደም ካንሰር የሚታከም ሰው የሚያስፈልገው ፕላትሌት በዚያው ሳምንት ከሌላ ሰው ክንድ የተቀዳ መሆን አለበት።